ነጭ ዳር ያልነበረው ባና

ባለፈው ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ምስር ስለቅም፣ የጎረቤቴ ልጅ ቅድስት ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ እየተጣደፈች መጣች። ቅድስት አስተማሪ ናት፤ ችኩል ናት፣ ግን ልቧ ንጹሕ ነው። «እትዬ የሺ፣ ይኸን አይተውታል?» ብላ ስልኩን ከዓይኔ ሥር ደቀነችው። እሳት ነው። ከጉና ወዲያ ያለ አንድ ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነዳል። ሰደድ እሳቱ መንደር በልቶ ሰዉ ሜዳ ላይ ወድቋል አለችኝ። እዚህ መካነ ኢየሱስ ያሉት ወጣቶች ተሰባስበው ከየቤቱ ብርድ ልብስ እየለመኑ ነው።

ሁለት አወጣሁላት። አንደኛው ልጄ ከባሕር ዳር የላከችልኝ፣ ገና ከነላስቲኩ ያለ፣ ነብር የተሣለበት ነው። «ይኸንስ ለራስዎ ያድርጉት» ስትለኝ «ነብሩ እኔን እያየ ከሚያድር እነሱን ያሙቅ፤ ያዢ» አልኳት።

«መቼ ነው የምትሄዱ?»

«ሐሙስ። መኪና አግኝተናል፤ ሌሊቱን ተጉዘን ጎህ ሲቀድ እንደርሳለን።»

«አይሆንም» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ጠንክሮ ወጣ። «ጎህ ሲቀድ እንዳትደርሱ። ፀሐይ ከወጣ፣ ሰው ቁርሱን ከቀመሰ በኋላ ድረሱ። ሽማግሌም ቄስም ከፊት አታስቀድሙ። እየተንጫጫችሁ፣ እየሳቃችሁ ግቡ።»

«እትዬ ደግሞ! ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዘንድ እየሳቁ ይገባል እንዴ?»

«ይገባል! እኔ ነኝ የምልሽ።»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሷ ቸኩላለች፤ ይኸ ነገር ደግሞ በችኮላ የሚነገር አይደለም። ከሄደች በኋላ ግን ምስሩን መልቀም አቃተኝ። ሰፌዱን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ፀሐዩ ትቶኝ እስኪያልፍ ተቀመጥኩ።

ያደግሁት ላይ ጋይንት ነው፣ ከጉና ጥግ። ገብስና ባቄላ ካልሆነ ሌላ እህል የሚደፍረው ሀገር አይደለም። ያን ጊዜ ኮረዳ ነበርኩ፤ እንዲያውም የመንደሩ ሴቶች «ይቺ ልጅ በምላሷ ባል አባረረች» እያሉ የሚያሙኝ። አልዋሹም። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ጥምቀት አልፎ፣ ውቂያው አልቆ፣ ገብሱ ጎተራ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ጠላ ጠምቆ ዳስ የሚጥልበት ጊዜ። ቀኑ ደረቅ ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ። ጧት ስንነሣ ሣሩ ነጭ ሆኖ ከእግር በታች እየተንኮሻኮሸ ይሰበራል።

እሳቱ የተነሣው ከእኛ ማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር ባለው ተራራ ላይ ነው። አስታ አምባ ይባላል። አስታ የሚሉት ቁጥቋጦ ዙሪያውን ወሮታልና ነው። አስታ ደግሞ ክፉ ነው፤ እርጥቡም ይነዳል። ማን እንደለኮሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማር ቆራጭ ንብ ሲያጨስ አመለጠው ያሉም ነበሩ። ብቻ ቀትር ላይ ጭስ አየን፤ ጥቂት ቆይቶ ነፋሱ ዞረና እሳቱ ወደ ሣር ክዳኑ ቤት ወረደ። የእኛ ወንዶች ቅጠል እየመለመሉ ወንዙን ተሻግረው ሮጡ። ሲደርሱ የቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነበር። ሰዉ ነፍሱን ሰጥቶ እሱን አዳነ፤ ቤቱን ግን አላዳነም።

ሞት ይርሳኝ፣ አንድ ነገር ልናገር። ያን ቀን ማታ ነፋሱ ወደ እኛ ዞሮ የጎተራዎቹን ሽታ አመጣው። የዓመት ገብስ ነው የሚቃጠለው፤ ሽታው ግን ልክ የተቆላ ቆሎ ነበር። ሀገሩ በሙሉ ቆሎ ቆሎ ሸተተ። እኔ እያለቀስኩ ሆዴ ጮኸ። እንዲህ ያለ ነውር በራሴ ላይ አይቼ አላውቅም።

ቤታቸው ከተቃጠለባቸው ሰዎች አንዱ አያ ደሴ ነበር፣ ብርቱ አራሽ። ቤቱ ሲያያዝ ሚስቱን ካወጣ በኋላ የታሰሩ በሬዎቹን ሊፈታ ተመልሶ ገባ። ጥማዱን አወጣ፣ ክዳኑ ግን በላዩ ላይ ወረደ። በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰዱት። ተሸካሚዎቹ ሲመለሱ «ወንድሙ አጠገቡ ቀርቷል፤ እሱ ግን አይናገርም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ያኔ ስልክ የሚባል ነገር በእኛ ሀገር የለም፤ ወሬ በእግር ነው የሚመጣ።

ሚስቱ እንጉዳይ አራስ ነበረች። ልጁ ወንድ ነው፣ ገና አርባ ቀን አልሞላውም፣ ክርስትና አልተነሣም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ በደጀ ሰላሙና በተማሪዎቹ ጎጆ ተጠልለዋል። አራስ ግን ቅጥር አትገባም፤ ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከቅጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ዳር፣ እህል ጠባቂ የሚቀመጥባት አንዲት የጭራሮ ጎጆ ነበረች፣ እዚያ ተቀመጠች። የእኛ መንደር ሴቶች «ነዪ፣ ከእኛ ጋር ተቀመጪ» ብለው ለምነዋታል። እምቢ አለች።

እናቴ የአራስ ገንፎ አገንፍታ፣ ቅቤውን በቅል አድርጋ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንወጣ መሬቱ ገና ይሞቅ ነበር። እንጉዳይ ገንፎውን ሁለት ጊዜ ቀመሰችና ተወችው።

«ወደ ቤት እንሂድ ልጄ፤ ይኸ ሕፃን በውርጭ ይሞትብሻል» አለቻት እናቴ።

«ደሴ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው እትዬ ብርቄ። መጥቶ ቢያጣኝ የተቃጠልኩ አይመስለውም?»

«እሺ፣ እሳት እንኳ ላያይዝልሽ።»

«እሳት?» አለች፤ ፊቷ ተለዋወጠ። «እሳት በዓይኔ አታሳዩኝ! ጭስ ከሸተተኝ እጮኻለሁ።»

ልጁን እንዳቅፈው ሰጠችኝ። ስሙን ጠየቅኋት። «አባቱ ሳይመጣ ስም አላወጣለትም፤ ለጊዜው እንግዳው ነው የምለው» አለች። እንግዳው በአንድ አሮጌ ነጠላ ተጠቅልሏል። ከንፈሩ ዳር ሰማያዊ ሆኗል፤ ሲያስል ድምፅ የለውም፣ ትንሽ ደረቱ ብቻ ይነሣል። እጆቹን በመዳፌ ይዤ ተነፈስኩባቸው።

ስንመለስ እናቴ ቁልቁለቱን ከፊቴ ገስግሳ ወረደች። ወንዙ ላይ ስትደርስ ቆመችና «ባና እንሠራለን። የመጀመሪያው የእሷ ነው» አለች።

የዛሬ ልጆች ባና ላያውቁ ይችላሉ። ከበግ ጠጉር የሚሠራ የደጋ ሰው መኝታ ነው። ጠጉሩ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን እየተነደፈ ይባዘታል፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። ያም አይበቃም፤ በሙቅ ውሃ እየተነከረ በእግር ይረገጣል፤ ሳሳ ያለው እስኪጠብቅ፣ ነፋስ የማያስገባ እስኪሆን። አንድ ባና በደኅና ጊዜ ወር ይፈጃል። እኛ ግን ሳምንት ሳይሞላ ልናደርሰው ነው የተነሣን። አንድ ብቻም አይደለም፤ ለተቃጠለው ቤት ሁሉ ነው። መንደሩ በሙሉ ደቦ ወጣ። የአክስቴ ልጅ ልትዳር ነበር፤ የሠርጉ ዳስ የፈትል መፍተያ ሆነ። ሙሽራዋም ለጊዜው ከእኛ ጋር እንዝርት ታሽከረክራለች፣ እያኮረፈች።

ችግሩ ጠጉሩ ነው። በጥር በግ አይሸለትም፤ ይበርደዋላ። የነጮቹ ደግሞ በክረምት መውጫ ተሸልቶ ገበያ ወጥቷል፣ ገና አላደገም። ጠጉር ያላቸው ጥቁሮቹ ብቻ ነበሩ። አባቴ በጎቹን ይቅርታ እየጠየቀ ሸለታቸው። ራቁታቸውን የቀሩት በጎች ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ አደሩ፤ አንዷ እግሬ ሥር ተኝታ ስታስነጥስ ነበር የምታነጋው። ቤቱ በሙሉ የበግ ቅባት፣ የበግ ጠጉር፣ የበግ ሽንት ሸተተ። ጣቶቼ በቅባቱ ወዝተው እንዝርቱ ያመልጠኝ ነበር።

ሥራው መካከል ላይ ሲደርስ አስተርእዮ ማርያም ደረሰች። በአስተርእዮ እንኳን መፍተል እንዝርት መንካትም አይታሰብ። ዋዜማውን እናቴ ተነሥታ ወደ ንስሐ አባታችን ወደ አባ ተክሌ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አባ ተክሌ እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ጥብቅ፣ በሕግ ቀልድ የማያውቁ ካህን ነበሩ። ወጣቱ ሲያያቸው ነጠላውን ያስተካክላል።

«አባ» አለች እናቴ፣ «ነገ ብንፈትል ትቀስፈናለች?»

አባ ጺማቸውን ይዘው ወደ ማዶው ተራራ አዩ። በኋላ «ብርቄ» አሉ፣ «እመቤታችን ልጇን በበረት ስትወልድ በጨርቅ ነው የጠቀለለችው። ጨርቁን አንድ የፈተለ ሰው አለ። ፍተሉ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

እናቴ መሬት ሳመች። እኔ ያን ቀን አባ ተክሌን ወደድኳቸው፤ ይኸን የምናገረው በኋላ የሆነውን ስለማውቅ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። አንዱን ሕግ ለሕፃኑ ብለው አጥፈውታል።

ሸማኔው አያ ሞላ ይባላል። ጥቁሩን ፈትል ተቀብሎ ድሩን ከዘረጋ በኋላ ማጉን ሊጀምር ሲል ቀና ብሎ «ነጩስ፣ ለዳሩ?» አለ።

በእኛ ሀገር የመኝታ ባና ዳር ዳሩ ነጭ ነው። ያለ ነጭ ዳር የሚሠራው ማቅ ነው፤ እሱን የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው። ይኸን የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። እናቴም ታውቃለች። ግን ነጭ ፈትል የለም፣ ልጁ ደግሞ እያሳለ ነው።

«ይሙቃት እንጂ ይድመቅላት አላልን» አለች እናቴ። «ለአራስ ሴት መኝታ እኮ ነው፣ ማን ማቅ ይለዋል? ነጭ ስናገኝ እንጨምርበታለን።»

አያ ሞላም መወርወሪያውን ወረወረ። እኔም አጠገቡ ነበርኩ፣ ደግ አለች ብዬ አሰብኩ። ሁላችንም በልባችን የምናየው ልጁን ነው፣ ሰማያዊ ከንፈሩን፣ ያንን ድምፅ የለሽ ሳል። ባናውን ከውጭ ሆኖ ያየው ሰው የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልነበረም።

ተሠርቶ ሲያልቅ ረገጥነው። ልጃገረዶች ነን የረገጥነው፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ ከገንዳው ውስጥ ሙቅ ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚታችን። ስንረግጥ ዘፈንን፣ ሙሽራይቱም ኩርፊያዋ ለቀቃት። ባናው እየጠበቀ፣ እየጠቆረ ሄደ። በጥር ፀሐይ ደረቀ። አባቴ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ይኸን ለብሶስ ጉና ጫፍ ማደር ነው!» አለ። እንዴት ደስ እንዳለን!

ማንም ሰው ቤት መቅረት አልፈለገም። አባ ተክሌ ለአራሷ ጸሎት አደርሳለሁ አሉ፤ ረፋድ ላይ ግን እርቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ እንሂድ ተባለ። ለሕፃኑም የሚከፋው የንጋት ውርጭ ነው፤ ቶሎ ይድረስለት። አባ መስቀላቸውን ይዘው ፊት ሆኑ። አባቴና አንድ ሌላ ሽማግሌ ከጎናቸው። አያ ሞላ ባናውን አጥፎ በሁለት እጁ ይዞ ተከተለ። እኛ ሴቶች በብርዱ ነጠላችንን እስከ አፋችን ተከናንበን፣ ከዳገቱ የተነሣ ትንፋሽ አጥሮን፣ ዝም ብለን ከኋላ።

እስቲ አስቡት። በእኛ ሀገር መርዶ እንዴት ነው የሚነገር? ጎህ ሲቀድ ነው። ቄስና ሽማግሌ ቀድሞ ነው። ሰዉ ዝም ብሎ ተሰልፎ ነው። ይኸን እኮ ከልጅነታችን ጀምሮ ስናየው የኖርን ነን! አንዳችን፣ ኧረ በሥላሴ፣ አንዳችን እንኳ አላሰብነውም። ቸርነት ዓይን ይጋርዳል እንዴ?

እንጉዳይ ኮቴ ሰምታ ከጎጆዋ ብቅ አለች፣ ልጁን እንደታቀፈች። መጀመሪያ አባ ተክሌን አየች። ቀጥላ ሽማግሌዎቹን። ከዚያ ዓይኗ አያ ሞላ እጅ ላይ ካለው ጥቁር ነገር ላይ ዐረፈ። ፊት ለፊቷ ቆሜ ነበርና ፊቷ ሲረግፍ አየሁት።

«ደሴ!» አለች።

ልጁን አንሥታ በደረቴ ላይ ጣለችልኝና መሬት ወደቀች። ደረቷን ትደቃለች፣ አመድ የሆነውን አፈር በፀጉሯ ላይ ትበትናለች። ከቅጥሩ ውስጥ ሰዉ እየሮጠ ወጣ፤ እኛን አየ፣ ባናውን አየ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወዮ ብሎ ተቀበላት። የደሴ እናት ያለ ነጠላ ወጥታ ፊቷን ነጨች።

«አልሞተም!» ብለው ጮኹ አባ ተክሌ። «እንጉዳይ፣ ልጄ፣ አልሞተም! ብርድ ልብስ ነው ያመጣንልሽ!»

ማን ይመናቸው? መርዶ ነጋሪ መቼ ነው ከመጀመሪያው እውነቱን የሚናገር? «ትንሽ አሞታል» ነው የሚል፣ «ደከም ብሏል» ነው የሚል። ልቅሶው ጭራሽ በረታ። እኔ ልጁን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ክብደት የለውም። ያ ሁሉ ጩኸት ከላዩ እየወረደ እሱ አላለቀሰም።

ድንገት እንጉዳይ ዝም አለች። በጉልበቷ እየዳኸች ወደ አባ ተክሌ ቀረበችና የቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች።

«አባ፣ መስቀልዎን ይዘው ይማሉልኝ። ደሴ በሕይወት አለ ብለው ይማሉልኝ፤ ዝም እላለሁ። ልብሱንም እለብሳለሁ።»

የአባ እጅ መስቀሉን ጨበጠ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በሕይወት እንዳለ ተስፋ እናደርጋለን። በመስቀል ግን… የማላውቀውን እንዴት እምላለሁ?»

ወደ አባቴ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ?» አባቴ አንገቱን ደፋ። ወደ እናቴ ዞረች። «እትዬ ብርቄ፣ በማርያም አለ ይበሉኝ! አንድ ጊዜ በማርያም ይበሉኝ!»

እናቴ ታለቅሳለች። «እግዜር ያውቃል፣ ልጄ» አለች።

ወይ እናቴ! ከዚያ ሁሉ ቃል መርጣ መርጣ። «እግዜር ያውቃል» እኮ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት ቃል ነው። እንጉዳይ ራሷን ነቀነቀች፣ እንደገባት ሰው። ተነሥታ ልጁን ከእቅፌ ወሰደች። አያ ሞላ ፈራ ተባ እያለ ባናውን ሲዘረጋላት ግን እንደ ነብር ዞረችበት።

«ይኸን ከልጄ አርቁልኝ! አባቱ መሞቱ ይበቃዋል። ገና ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ማቅ አይለብስም። ሞትን በእጄ ጠርቼ በልጄ ላይ አልደርብም!»

አባቴ ወደ ቤት ተመልሶ በቅሎውን ጭኖ ወደ ደብረ ታቦር ገሰገሰ፣ ወሬውን ሊያመጣ። እናቴ እዚያው ቀረች፤ እኔ ታናናሾቼንና በጎቹን እንድይዝ ተላክሁ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከእሷ ነው፣ እሱንም አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገረችኝ። ጋቢዋን አውልቃ ሕፃኑን ሸፈነችው። ጋቢ ጥጥ ነው፤ የጉናን ውርጭ ምን ያደርገዋል? ባናው ከጎጆዋ ውጭ ካቡ ላይ ተሰጥቶ ውርጭ ይለብሳል። እንጉዳይ አሸለበች ብላ አምጥታ ብትደርብባቸው ነቅታ አሽቀንጥራ ጣለችው። እናቴ ልጁን ከደረቷ ሥጋ ጋር ለጥፋ፣ እየተነፈሰችበት ሁለት ሌሊት ተቀመጠች። ሁለተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል ሳሉ ተወው፤ እናቴ ተሻለው ብላ ደስ አላት። ተሽሎት አልነበረም። አባ ተክሌ ሊያጠምቁት ውሃ ይዘው እየሮጡ ደረሱ፤ አልደረሱለትም።

ያልተጠመቀ ነውና ከቅጥሩ ውጭ ተቀበረ፣ ያለ ፍትሐት። አባ ተክሌ ከጉድጓዱ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ካህን እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁም፣ ማየትም አልሻም።

በማግስቱ አባቴ ተመለሰ። በቅሎው ላይ የተቀመጠው አያ ደሴ ነበር። ሁለት እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ግማሽ ፊቱ ቆስሏል፣ ግን አለ። ይናገራል። ሐኪሞቹ ቆይ ቢሉትም አባቴ የሆነውን ሲነግረው አልቆይም ብሎ ተነሣ። ዳገቱን ሲወጣ እንጉዳይ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ነበር። ባናውን ለብሳዋለች። እኛም ለለቅሶ እዚያው ነበርን።

ከበቅሎው ሳይወርድ አያት፤ ጥቁሩን አየ።

«እንጉዳይ፣ ማን ሞተብሽ?» አላት።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። አትጠይቁኝ።

በኋላ ሰዉ ምን አለ? «ማቁ ምልክት ነበር፣ ሞት ቤቱን አያጣም» አለ። ይኸን ስሰማ ያኔም ደሜ ይፈላ ነበር፣ ዛሬም ይፈላል። ምን ምልክት! ልጁን የገደለው ውርጭ ነው። ከውርጩ የሚያድነው ባና ደግሞ ክንድ በማይሞላ ርቀት ካቡ ላይ ተሰጥቶ ነበር። እናቴ ለቀሩት ቤቶች ባናውን ሠርታ ጨረሰች፣ ሁሉንም። ለነጩ ፈትል ሌላ አገር ድረስ ሰው ላከች፤ ዳሩ ስንዝር የሚሞላ ነጭ ነበረው፣ አስቀያሚ እስኪሆን ድረስ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ የተቃጠለበት ሁሉ ሞቆት አደረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያሉ እናቴን አመሰገኗት። እናቴ ግን ተረቱን ስትሰማ ተነሥታ ትወጣ ነበር።

እኔ አግብቼ ወደ እስቴ፣ ወደዚህ ወደ መካነ ኢየሱስ ከመምጣቴ በፊት እንጉዳይን አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ፣ አርብ ገበያ ላይ። ተልባ ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፣ አንዲት ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላ። ሰላም ብያት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ተልባው ተጫወትን። አያ ደሴ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት ዕርፍ የሚይዘው በክንዱ እንደሆነ ነገረችኝ። ልነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«የሺ፣ ያን ቀን ስንት ሰው ነበራችሁ?»

«እንጃ፣ ብዙ ነበርን።»

«ብዙ ነበራችሁ» አለች። ቁጣ የለባትም፤ ተልባውን በመዳፏ እያስተካከለች ነው የምትናገረው። «ቄሱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እናትሽ፣ ሁሉም እግዚአብሔርን የሚፈሩ ደጋግ ሰዎች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ውሸታም ቢገኝ ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር።»

ተልባ ገዝቻት ተነሣሁ። አባ ተክሌ መስቀል ይዞ በሐሰት መማል ሲኦል እንደሚያወርድ አስተምረው እሱኑ ኖሩት። እንዲያውም ደሴ በሕይወት ነበረና ቢምሉ እውነት ይሆን ነበር፤ እሳቸው ግን አያውቁም፣ የማያውቁትን አልማሉም። ጽድቅ ይባላል ይኸ። እኔ ጽድቅ አይደለም አልልም። ብቻ ያ ልጅ እቅፌ ውስጥ ክብደት አልነበረውም።

አምና እዚህ መካነ ኢየሱስ አንዲት ጎረቤቴ እህል አልቀምስ ብላ ተኛች። ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ከርሟል። ሴቶቹ አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል ይሏታል። እኔ ስገባ ዓይኗን ገልጣ «የሺ፣ ልጄ አለች? ምዪልኝ» አለችኝ። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በጊዮርጊስ ማልሁላት። አንዲት ከዓረብ አገር የተመለሰች ሴት በዓይኗ እንዳየቻት፣ ወፍራ፣ ፊቷ በርቶ እንደነበር እየማልሁ ነገርኳት። እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ልጅቷ ትኑር ትሙት እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቷ ግን ያን ቀን ተነሥታ ሽሮ በላች።

የንስሐ አባቴ መጥተው ምን አጠፋሽ ሲሉኝ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ የሻርኩትን ጾም ሁሉ እነግራቸዋለሁ። ይኸን አልነገርኳቸውም፤ አልነግራቸውምም። ነገም «ምዪልኝ» የምትል እናት ብትመጣ እምላለሁ።